ሰባተኛው ቀን ላይ የሚታየው ሰው

አሶሳ አዲስ ሰው የማይጠፋባት ከተማ ናት። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መቀመጫ ስለሆነች ሹመኛው ይመደብባታል። ዩኒቨርሲቲው መምህርና ተማሪ ከየአቅጣጫው ያመጣል፤ ሸርቆሌ፣ ባምባሲና ጾሬ ያሉት የስደተኛ መጠለያዎች የረድኤት ሠራተኛውን ይስባሉ፤ ወርቁ ነጋዴውን ይጠራል፤ በኩርሙክ በኩል ደግሞ የሱዳንን ጦርነት የሸሸ ቤተሰብ ይገባል። ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መናኸሪያ የሚወርድ ሰው ዘመድ አዝማድ ስለሌለው ማንነቱን የሚናገርለት ራሱ ብቻ ነው። ከተማውም በበኩሉ እንግዳን ቶሎ መመዘን ለምዷል። ማን ነው? ከየት ነው? ጠባዩስ?

የመጨረሻው ጥያቄ መልስ በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። አንድ ቢሮ እናስብ፤ የትኛውም ቢሮ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ኃላፊ ሰኞ ጠዋት ይገባል። ከጥበቃው እስከ ገንዘብ ያዧ የሁሉንም ስም በአንድ ቀን ይይዛል። ቡና ይጋብዛል፣ ይቀልዳል፣ እሱ ባለበት ሥራ እንደማይቆም ይናገራል። ሠራተኛውም "ተመስገን፣ ሰው አገኘን" ይላል። በሦስተኛው ወር ግን የስብሰባው ግማሽ የኃላፊው ገድል ሆኗል። ባለሙያዋ አምሽታ የጻፈችው ሪፖርት ስሟ ወጥቶ የእሱ ስም ገብቶበት ይላካል። አስተያየት የሰጠው ወጣት "ለሥራው ጥቅም ሲባል" ሩቅ ወረዳ ይዛወራል። ያ በአንድ ቀን የሁሉንም ስም የያዘ ሰው አሁን ስም የሚጠራው ሲቆጣ ብቻ ነው።

ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴልሮይ ፖልሁስ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ጥናት ይህንኑ አካሄድ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። የማይተዋወቁ ተማሪዎችን በትናንሽ ቡድኖች አደራጅቶ፣ በየጊዜው ለ20 ደቂቃ ያህል እየተገናኙ እንዲወያዩ አደረገ። ስብሰባው ሰባት ጊዜ ተካሄደ። በመጀመሪያው ስብሰባ ማብቂያ ላይ ራሳቸውን ከፍ አድርገው የሚያዩት ተማሪዎች በጓደኞቻቸው ዘንድ ተወዳጅ፣ ብቁና የተረጋጉ ሆነው ተገመቱ። በሰባተኛው ስብሰባ ማብቂያ ግን እነዚያው ተማሪዎች ጉረኛ፣ ጠበኛና ስለራሳቸው ብቻ የሚያስቡ ተብለው ዝቅተኛ ነጥብ ተሰጣቸው። ሰዎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው አብረዋቸው የተቀመጡት ሰዎች ያገኙት የማየት ጊዜ ነው።

ይህ ጠባይ በሙያው ናርሲሲዝም ይባላል። ቃሉ ዛሬ በየስልኩ ይዘዋወራል፤ ባሏ የበደላት፣ አለቃው ያስመረረው፣ ጓደኛዋ የከዳቻት ሁሉ ያነሳዋል። ስድብ ሆኖ ሲቀር ግን ጥቅሙ ይጠፋል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ሁለት ነገሮችን ለይተው ያያሉ። አንደኛው ሕመም ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 በምርመራ መጽሐፉ ውስጥ አስገብቶታል፤ አሁን በሥራ ላይ ባለው እትም ዘጠኝ መለያዎች ተዘርዝረው፣ ቢያንስ አምስቱ የተሟሉበትና ኑሮው የተቃወሰበት ሰው ብቻ ሕመሙ አለበት ይባላል። ሁለተኛው እንደ ቁመት በሁሉም ሰው ላይ ያለ፣ አንዱ ጋ በዝቶ ሌላው ጋ የሚያንስ ጠባይ ነው። በዕለት ኑሮ የምናገኘውና ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛው ነው።

ለዚህ ጠባይ የመጀመሪያውን ስመ ጥር መለኪያ ሮበርት ራስኪንና ካልቪን ሆል እ.ኤ.አ. በ1979 አቀረቡ። በ1988 ራስኪን ከሃዋርድ ቴሪ ጋር ሆኖ ወደ 40 ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች አሳጠረው። መልስ ሰጪው ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱን ይመርጣል፤ አንደኛው ራስን ከፍ የሚያደርግ፣ ሌላው ልከኛ ነው። ከዚያ በኋላ መለኪያው ተባዛ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሚትያ ባክና ባልደረቦቹ በጀርመን ያዘጋጁት ባለ 18 ጥያቄ መጠይቅ ጠባዩን ለሁለት ከፈለው፤ አንዱ አድናቆትን መሻት ነው፣ ሌላው ሰውን እያሳነሱ መፎካከር። ክፍፍሉ ጠቃሚ ነው። የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ቡና የሚጋብዘው እጅ ነው፤ ሁለተኛው ሦስተኛው ወር ላይ የዝውውር ደብዳቤ የሚፈርመው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ሣራ ኮንራትና ባልደረቦቿ ከሁሉም ያጠረውን መለኪያ አወጡ። የቃሉን ትርጉም አብራርተው "አንተ ናርሲሲስት ነህ ወይ?" የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ መልሱ ከአንድ እስከ ሰባት ነው። ብዙዎች ራስ ወዳድ ሰው ጠባዩን ይደብቃል ብለው ይጠብቁ ነበር። ውጤቱ ግን ረጃጅሞቹ መጠይቆች ከሚሰጡት ነጥብ ጋር ተቀራረበ። ይህ ዓይነት ሰው ጠባዩን እንደ ነውር ስለማይቆጥረው ሲጠየቅ ይናገራል።

ቢያንስ አሜሪካ ውስጥ ይናገራል። አሶሳ ላይስ?

ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ስማቸው ቁጥር ያዘለ መንደሮች አሉ፤ አምባ 14 አንዱ ነው። ደርግ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ የተነሱትን ሰፋሪዎች ሲያሰፍር መንደሮቹን በቁጥር ጠራቸው፤ ቁጥሩም ስም ሆኖ ቀረ። እንደዚህ ባሉ መንደሮች ታብሌት የያዘ መረጃ ሰብሳቢ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የጤናው፣ የእርሻው፣ የእርዳታው ዳሰሳ ይመጣል፤ ወጣቱ ማንጎ ዛፍ ሥር ዱካ ላይ ይቀመጣል፤ ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ያዳምጣሉ። የጠባይ ጥያቄ የገባበት ቃለ መጠይቅ ሲሆን አካሄዱ ይህን ይመስላል።

"አባባ፣ አሁን የማነብልዎትን ሐሳብ ምን ያህል እንደሚስማሙበት ይነግሩኛል፤ ከአንድ እስከ አምስት። ከብዙ ሰው የተሻለ ችሎታ አለኝ።"

"አልሐምዱሊላህ።"

"እሱስ ልክ ነው አባባ። ግን ይስማማሉ ወይስ አይስማሙም?"

"አላህ የሰጠኝን ምን ብዬ አማርራለሁ ልጄ?"

"እንግዲያው እስማማለሁ ልበለው?"

"በለው።"

"እሺ። ቀጥሎ፣ እኔ ከማንም የተሻልኩ ሰው አይደለሁም።"

"እሱማ ምን ጥርጥር አለው! ሰው ከሰው በምን ይበልጣል?"

"እስማማለሁ?"

"አዎን፣ አዎን።"

ወጣቱ ሁለቱንም ይሞላል። እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ከአንድ አፍ "እስማማለሁ" ተብለው ኮምፒውተር ውስጥ ይገባሉ። "አልሐምዱሊላህ" የሚባል ሣጥን ታብሌቱ ላይ የለም፤ "እግዜር ይመስገን" የሚባልም የለም። ሽማግሌው ግን አልዋሹም፣ አልተምታታባቸውምም። ለመጀመሪያው ምስጋና አቀረቡ፤ ለሁለተኛው ምግባርን መሰከሩ። በእንግዳ ፊት፣ ያውም ለደከመ ልጅ፣ "አይ" እያሉ መከራከርም የጨዋ ወግ አይደለም።

ይህ ችግር የአምባ ሽማግሌዎች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ራሺድ ላጃጅና ባልደረቦቹ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ካላቸው 23 አገሮች የተሰበሰቡ 29 የፊት ለፊት ዳሰሳዎችን መረመሩ፤ የ94,751 ሰዎች መልስ ነበር። ለምዕራባውያን የተሠሩት የጠባይ ጥያቄዎች በእነዚህ ቦታዎች ሊለኩት የታሰበውን ጠባይ በአብዛኛው እንደማይለኩ አገኙ። አንዱ ምክንያት መልስ ሰጪው ለተጠየቀው ሁሉ አዎ ማለቱ ነው። ሌላው የጠያቂው ፊት ነው፤ ወረቀት ላይ ብቻውን የሚሞላ ተማሪና ባለታብሌቱ ፊት የተቀመጠ ገበሬ አንድ ዓይነት ፈተና አይፈተኑም። ኢትዮጵያም ከዚህ ቀደም ራስን ስለማክበር በ53 አገሮች በተካሄደው የዴቪድ ሽሚትና የዩሪ አሊክ ጥናት ውስጥ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ይህ ጥናት በአሉታ የተጻፉ ዐረፍተ ነገሮች ከአገር አገር በተለያየ መንገድ እንደሚተረጎሙ አሳይቷል። "ከማንም የተሻልኩ አይደለሁም" የሚለው ላይ ሽማግሌው የሰጡት መልስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

አሁን እኚህኑ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸው ሠርግ ላይ እናግኛቸው። ከበሮው ሲደምቅ፣ እልልታው ሲቀልጥ ምርኩዛቸውን ከፍ አድርገው ይነሳሉ። "ዘራፍ!" ይላሉ። የአባታቸውን ስም ይጠራሉ፤ ጫካውን እንዴት እንደመነጠሩት፣ የወባውን ዘመን እንዴት እንዳለፉት፣ ከእሳቸው በቀር ማን እንደነበረ ይናገራሉ። የሰማቸው ሁሉ "በለው!" ይላል። ይህን ንግግር ቀድቶ በአሜሪካኑ መጠይቅ መለኪያ ነጥብ ለሚሰጥ ሰው ሽማግሌው ጣራ ይነካሉ። ፉከራ ግን ቦታ፣ ጊዜና ተራ አለው። ፎካሪው የሚያወድሰው ራሱን ብቻ አይደለም፤ አባቱን፣ ወገኑን፣ አብረውት የዋሉትን ነው። ሲጨርስ ይቀመጣል፤ ቀጣዩ ይነሳል፤ እሱም "በለው!" ይላል። በኔ እምነት ጠባዩ መፈለግ ያለበት እዚህ ላይ ነው። የሌላው ተራ ሲደርስ የማይቀመጠው፣ ለሌላው "በለው" ማለት የሚተናነቀው፣ ሐዘን ቤት ሄዶም የሚፎክረው ሰው ነው ልዩ የሆነው። እንደዚህ ያለውን ሰው በቦታው የተገኘ ሁሉ ያውቀዋል፤ መጠይቅ ግን አይጠይቅበትም።

በዚያ ላይ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። በ1999ኙ ቆጠራ 784,345 ከነበረው የክልሉ ሕዝብ ሩብ ያህሉ በርታ ነው፤ አማራና ጉሙዝ እያንዳንዳቸው 21 በመቶ ገደማ፣ ኦሮሞ 13 በመቶ፣ ሺናሻ 8 በመቶ ይጠጋሉ፤ ማኦና ኮሞ በቁጥር ጥቂት ናቸው። የሥራው ቋንቋ አማርኛ ይሁን እንጂ ብዙ በርታ ሽማግሌ ከአማርኛ ይልቅ ዐረብኛ ይቀናዋል። በርታዎች በኅብረት የሚነፉት፣ በሱዳን በኩል ዋዛ የሚባለው የቅል መለከት አለ። እያንዳንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማው የሚመጣው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። ለእንዲህ ያለ ነፊ "አንተ ከሁሉም ትበልጣለህ?" የሚለው ጥያቄ ከሥራው ጋር አይገጥምም። ይህን ክልል ለረጅም ዓመታት ያጠናው ስፔናዊው አርኪዮሎጂስት አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባል እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው መጽሐፉ የድንበሩ ሕዝቦች በሰው ላይ ሰው እንዳይሰለጥን የሚጠብቁበትን እኩልነት ወዳድ ባህል በስፋት ገልጿል።

ከዚህ ተነስቶ "እኛ ጋ ራስ ወዳድ የለም፣ ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው" ማለት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የጆሹዋ ፎስተርና ባልደረቦቹ ጥናት፣ በኢንተርኔት የመለሱ 3,445 ሰዎችን አነጻጽሮ፣ ግለኝነት ከሚበዛባቸው አገሮች የመጡት ከፍ ያለ ነጥብ እንዳላቸው አሳይቷል፤ ነጥቡ ግን የተገኘው በዚያው "እኔ እበልጣለሁ" በሚለው መጠይቅ ነው። መተባበር በሚከበርበት አገር ራሱን የሚያመልክ ሰው በመተባበር በኩል ይመጣል። ዮኸን ገባወርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንን የሚለካ ባለ 16 ጥያቄ መጠይቅ አዘጋጅተዋል። ሰውየው ብልህ ነኝ፣ ኃይለኛ ነኝ አይልም፤ እንደኔ ደግ የለም፣ እንደኔ ለሰው የሚደርስ የለም ይላል።

እድር ውስጥ ያለ ሰው ይህን ለመረዳት መጠይቅ አያስፈልገውም። ድንኳኑን የሚያስተክለው፣ ወንበሩን የሚያስቆጥረው፣ ቀብር ላይ ከፊት የሚታየው ሰው አለ። ደጉን ሥራ ይሠራል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ሂሳብ ይመርመር የተባለ ቀን ፊቱ ይለወጣል። "ያለ እኔ ይህ እድር ይፈርስ ነበር" ይላል፤ ሂሳብ የጠየቀው ሰው ምስጋና ቢስ ይሆናል፤ ነገሩም ከገንዘቡ ወጥቶ ወደ ክብሩ ይሄዳል። ልባዊ ደግነትን ከዚህ የሚለየው የሚሰጠው መጠን አይደለም። መለያው ምስጋና ሲቀር ወይም ሌላ ሰው ሲመሰገን የሚሆነው ነው። አሶሳ ላይ የሚሠራ መለኪያ ቢዘጋጅ የመጀመሪያ ጥያቄዎቹን ከእድርና ከዕቁብ ቢወስድ እመርጣለሁ።

ተመራማሪዎችም ሰውየውን ሳይጠይቁ ለመለካት ብዙ ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኒኮላስ ሆልትስማን፣ ሲሚን ቫዚሬና ማቲያስ ሜል ተማሪዎችን ትንሽ መቅጃ አስይዘው፣ ቀኑን ሙሉ በየመሐሉ እየበራ የሚጠፋውን ድምፅ አዳመጡ። ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው ተማሪዎች ከሰው መሐል የማይጠፉ፣ የብልግና ቃልና ስድብ የሚያዘወትሩ፣ ክፍል የሚቀሩ ሆነው ተገኙ። "እኔ" የሚለውን ቃል መቁጠር ግን አላዋጣም። ከ4,800 በላይ ሰዎችን ያካተተው የአንጀላ ኬሪና ባልደረቦቿ የ2015 ጥናት፣ እኔ እኔ ማለትና ናርሲሲዝም ዝምድና እንደሌላቸው አሳይቶ የቆየውን እምነት አፍርሷል። አሪጂት ቻተርጂና ዶናልድ ሃምብሪክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 የ111 የኮምፒውተር ኩባንያ ሥራ አስኪያጆችን የለኩት ከሩቅ ነው። በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ የሥራ አስኪያጁ ፎቶ ምን ያህል ቦታ ይዟል፣ በመግለጫው ውስጥ ስሙ ስንት ጊዜ ይነሳል፣ ደመወዙ ከምክትሉ በስንት እጥፍ ይበልጣል እያሉ ቆጠሩ። የእኛም ቢሮዎች ባነር፣ የአዳራሹ የፊት ወንበርና የሪፖርቱ ሽፋን ሊቆጠሩ ይችላሉ። ፎቶው የገነነው በሰውየው ፍላጎት ይሁን በበታቾቹ ፍርሃት ግን ከባነሩ አይለይም፤ ቆጠራው ብቻውን በቂ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ክልሉ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። አግኒየሽካ ጎሌች ዴ ዛቫላ እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረበችው መለኪያ የቡድንን ናርሲሲዝም ይመለከታል፤ ወገኔ ታላቅ ነው፣ ታላቅነቱን ግን ሌሎች አላወቁለትም የሚል ቂም የተቀላቀለበት እምነት ነው። የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤቶች አድርጎ ስለሚጠቅስ፣ ዕውቅና እዚህ የዕለት ፖለቲካ ነው፤ በ2012ና በ2013 ዓ.ም. መተከል ውስጥ የፈሰሰው ደምም ገና ትኩስ ነው። ለረጅም ዘመን በባርነት የተሸጠ፣ የተናቀ ሕዝብ "ዕወቁን" ሲል ፍትሕ እየጠየቀ ነው፤ ከትናንት ወዲያ ቤቱ የተቃጠለበት ሰፋሪም እንዲሁ። ይህን ጥያቄ በበሽታ ስም የሚጠራ መለኪያ ጉዳት እንጂ ዕውቀት አያመጣም።

እስካሁን ያነሳነው የሚጮኸውን ዓይነት ነው። የማይጮኽም አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 ፖል ዊንክ የናርሲሲዝም ሁለት ፊቶች ብሎ የለየው ሁለተኛው ፊት ስስ፣ ዓይን አፋርና በቀላሉ የሚቆስል ነው። ሆሊ ሄንዲንና ጆናታን ቺክ በ1997 ለእሱ የተለየ አጭር መጠይቅ አወጡለት። ውስጡ ያው "ለእኔ የሚገባኝ ይበልጣል" የሚለው ስሜት ነው፤ የሚወጣው ግን በኩርፊያ ነው።

ኩርፊያን እኛ እንደ ቀላል ነገር እናየዋለን። ኩርፊያው ቤቱን የሚገዛበትን ቤት ያየ ግን እንደዚያ አይልም። አባት ከሥራ ሲመለስ ልጆቹ የበሩን አከፋፈት ያዳምጣሉ። ወጡ ጨው አነሰው ብሎ አይጮኽም፤ ሳህኑን ገፋ አድርጎ ይነሳል። ማንም ምን እንዳጠፋ አይነገረውም። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን፣ ሳምንት ቤቱ ውስጥ በሹክሹክታ ይኖራል፤ ሚስቲቱ ያላጠፋችውን ጥፋት አስባ ታገኝና ይቅርታ ትጠይቃለች። ውጭ ሲወጣ ደግሞ ይህ ሰው ሳቂታ ነው፤ ጎረቤት ይረዳል፣ የሰው ልጅ ያስተምራል። ይህን አገሬው "የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ" ይለዋል። የፖልሁስን ጥናት ደግማችሁ አስቡት። ጎረቤቱና ባልደረባው ሁሌም በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሚስቱና ልጆቹ ሰባተኛውን ካለፉ ቆይተዋል። ሴቲቱ ለሽማግሌ ብትናገር "እሱ? ያ ደግ ሰው?" ይሏታል። የማይታመኑት ሰዎች ከሁሉም የተሻለ መረጃ ያላቸው ናቸው፤ ስለዚህ ጠባይ ልለው የምፈልገው ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ይህ ግን ባልን ወይም ሚስትን በቪዲዮ አይቶ በሽተኛ ነው ብሎ መፍረድን አይፈቅድም። የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1973 አባላቱ ያልመረመሩትን የታወቀ ሰው አእምሮ በአደባባይ እንዳይተነትኑ ከልክሏል። የተማሩት የተከለከሉትን ነገር ያልተማርነው ልንደፍረው አይገባም። ሴቲቱ እርዳታ ለማግኘት የባሏን የበሽታ ስም ማረጋገጥ አያስፈልጋትም፤ የሚያደርገውን መናገሯ በቂ ሊሆን ይገባል።

የጠባዩን ሥር በልጅነት የፈለጉም አሉ። ኤዲ ብሩመልማንና ባልደረቦቹ በኔዘርላንድስ ከ7 እስከ 11 ዓመት የሆናቸውን 565 ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር በየስድስት ወሩ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱን አወጡ። "ልጄ ከሌሎች ልጆች ይበልጣል" የሚሉ ወላጆች ልጆች ናርሲሲዝማቸው እየጨመረ ሄደ፤ ፍቅር የሚያሳዩ ወላጆች ልጆች ግን ራሳቸውን ማክበር ተማሩ እንጂ በሌላው ላይ መታበይ አልጨመረባቸውም።

ወደ መለኪያው ስንመለስ፣ ሰውን በሰው ዓይን መለካት ለኢትዮጵያ ምርምር አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ቡታጅራ ላይ ባካሄደው ከባድ የአእምሮ ሕመም ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት በአማርኛ በተዘጋጀ ቃለ መጠይቅ ተጠይቀዋል። ተመራማሪዎቹ በዚያ አላበቁም። የአካባቢውን ነዋሪ አብጠርጥረው የሚያውቁ ሰዎችን መርጠው፣ የሕመሙን ምልክት አስረድተው፣ "እንዲህ ያለ ሰው ታውቃላችሁ?" አሏቸው። ቃለ መጠይቁ ያላገኛቸውን ሕሙማን እነዚህ ጠቋሚዎች አገኟቸው። ለናርሲሲዝምም በሌላ አገር የተሠራው ሥራ ወደዚሁ ያመራል። ኤሪካ ካርልሰን፣ ሲሚን ቫዚሬና ቶማስ ኦልትማንስ እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት፣ ከፍተኛ ነጥብ ያለው ሰው ራሱን ሌሎች ከሚያዩት አብልጦ ይመለከታል፤ ሌሎች ዝቅ አድርገው እንደሚያዩትም ያውቃል፤ ትክክል ናቸው ብሎ ግን አያምንም።

ስለዚህ አሶሳ ላይ ይህን ጠባይ ለመለካት የሚነሳ ተማሪ ወይም መምህር ካለ መንገዱ የሚታይ ይመስለኛል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጠይቅ ወደ አማርኛ፣ ወደ በርታና ወደ ጉሙዝ አዙሮ፣ ሌላ ሰው መልሶ እንዲያዞረው አድርጎ ማመሳከር ጅምር ነው። ከዚያ ጥቂት ሰዎችን "ይህን ስትሰማ ምን አሰብክ?" እያሉ መጠየቅ ይመጣል፤ "አልሐምዱሊላህ" የሚለው መልስ የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። ዋናው ሥራ ግን ትክክለኛውን መስካሪ መምረጥ ነው። ለአለቃ ጠባይ የበታቹን፣ ለእድር ሰብሳቢ ሂሳብ የጠየቀውን፣ ለአከራይ ተከራዩን፣ ለአማት ምራቷን መጠየቅ ያሻል፤ ያውም ከትውውቅ ወራት በኋላ። አንድ መስካሪ ቂም ሊኖረው ይችላል፤ የማይተዋወቁ አምስት ሰዎች ተመሳሳይ ነገር ከተናገሩ ግን ቂም ነው ማለት ይከብዳል።

በ1999ኙ ቆጠራ 24,214 ነዋሪ በነበራት፣ ሁሉም ሁሉን በሚያውቅባት ከተማ ግን ስለ አለቃ ወይም ስለ ባል እውነት መናገር ዋጋ ያስከፍላል። ለዚህ የተፈተነ ደንብ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ ለሚደረግ ጥናት የደኅንነት መመሪያ አውጥቷል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ስትጠይቅ በዚያ መንፈስ ሠርታለች። ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ትጠየቃለች፤ የምትጠየቀውም ለብቻዋ ነው። ብቻዋን ልትሆን ካልቻለች ያ ክፍል ሳይጠየቅ ይታለፋል፤ መረጃው ቢጎድልም ይጎድላል። የባልን ኩርፊያ፣ የአለቃን ቂም፣ የሰብሳቢን ቁጣ የሚጠይቅ መጠይቅም ከዚህ ባነሰ ጥንቃቄ ወደ ማንም ቤት መግባት የለበትም።